የሬዲዮ ሳቅ

መብራቱ ጠፍቶ ካርቱኑ ግድግዳው ላይ ሲጀምር፣ አዳራሹ የሳቀው በእሷ ነበር። እሷም መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ መልክም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳው ላይ አንዲት አጠር፣ ወፈር ያለች ሴት ጠረጴዛዋ ሥር እያጎነበሰች፣ ቦርሳዋን እየገለበጠች መነጽሯን ትፈልጋለች። አንድ መነጽር ዓይኗ ላይ አለ። የምትፈልገው ሌላው አናቷ ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ሁሉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ከኋላ ወንበር አንዱ "ባለሁለት!" ብሎ እስኪጣራ ድረስ። ያን ጊዜ እጇ ሳታዝዘው ወደ አናቷ ወጣ። መነጽሩ እዚያው ነበር።

በዚያ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ባለሁለት ነው የሚሏት። አንዱን መነጽር ለሩቅ፣ አንዱን ለቅርብ ታደርጋለች፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚሠራ መኖሩን ቢነግሯትም ዋጋውን ሰምታ ትታዋለች። ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ የምትቀመጠው ሴት ናት። ያቺን ደግሞ ሬዲዮ ይሏታል፤ ወሬ ሁሉ ከእሷ ስለሚጀምር፣ ካልዘጓትም ስለማትዘጋ። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመሩት ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ ነው። ባለሁለት መነጽሯን ባጣች ቁጥር ሬዲዮ ከሥራዋ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ ላይ ታመለክታለች። ከዚያ ትስቃለች። ሳቋ ከአፏ አይጀምርም። መጀመሪያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ድምፁ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ። ካሳ ሊጠይቅ የመጣ፣ መኪናው የተጨፈለቀበት ሰው እንኳ ያን ሳቅ ሲሰማ ሳይወድ ፈገግ ይላል።

ግድግዳው ላይ ግን በእስክሪብቶ የሚያመለክት ሰው አልነበረም። በሩ ተከፈተና አንድ ማሽን ገባ። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ያለው፣ በጎማ የሚሄድ፣ ሲያዩት አንጀት የሚበላ ነገር ነው። ለሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጎን እየቆመ አየ፣ ጻፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁለት። እሱም ለእያንዳንዳቸው አበባ ሰጣቸው። ተያይዘው ወጡ፤ ውጭ ፀሐይ ነበር፣ ሣር ነበር። በመጨረሻ ባለ ሁለት መነጽሯ ሴት ከበር ተመለሰች። መነጽሯን ረስታለች። መሳቢያው እምቢ ሲላት በጉልበቷ መትታ ከፈተችው፤ እዚያም የለም። ማሽኑ ረጅም የብረት ጣቱን ዘረጋና አናቷን አሳያት። ሳቀች፤ ማሽኑም ሳቀ። እየሳቀች ወጣች፣ በሩ ተዘጋ።

ባለሁለት ነገሩ የገባት መሳቢያውን ስታይ ነው። ባለፈው ሰሞን ቤት ውስጥ፣ ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ጠረጴዛ ሲስል ሻይ አቅርባለት፣ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆይታ ነበር። ቢሮ ውሎ የማያውቅ ሰው የሳለው ቢሮ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሠራተኛ የለም አለችው፤ ከምሳ በኋላ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የእኛ መሳቢያ ደግሞ በጉልበት ካልተመታ አይከፈትም አለችው። ልጁ እየሳቀ እንዳለችው አስተካከለ። እሷም ደስ አላት። ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ ያለ ሥራ ነው የኖረው፤ ይህ ሥዕል የመጀመሪያ ክፍያው ነበር። ለማን እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ጠይቃው፣ ለአንድ ድርጅት ነው፣ በማስታወቂያ ቤት በኩል ነው የመጣው፣ ስሙን አልነገሩኝም ብሏታል። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ልጅ እንጀራ ሲያገኝ እናት ከየት መጣ ብላ አትመረምርም።

መጨረሻ ላይ የሠዓሊው ስም በትንንሽ ፊደል ወጣ። ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም አለ። ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል፤ የልጇን ሥዕሎች ከስልኳ እያወጣች ስንት ጊዜ አሳይታቸዋለች። ሬዲዮ ስሙን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከዚያ መብራቱ በራ፤ ሬዲዮ ዞር ብላ አየቻት፤ እሷ ስትዞር ሌሎቹም ዞሩ።

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሲናገር እጁን አያወናጭፍም። ድርጅቱ ማንንም አያባርርም አለ። ድርጅቱ ሠራተኞቹን ያመሰግናል። የካሳ ክፍል ሥራ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በማሽን ይሠራል፤ ማሽኑም ባዶውን አልመጣም፤ ከእናንተው ነው የተማረው አለ። የሚመሰገኑት ሰዎች ከሰዓት በኋላ በየተራ ይጠራሉ፤ ከነገ ጀምሮም መምጣት አይጠበቅባቸውም። ጥያቄ ካለ ብሎ ጠበቀ። ጥያቄ አልነበረም። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ፣ እኔ ሳልመሰገን ጡረታ ልውጣ ብዬ ነበር አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁም ወዲያው ሞተ።

ማሽኑ ከእነሱ የተማረበት መንገድ እንዲህ ነው። ከብዙ ወራት በፊት በየኮምፒውተራቸው ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ መጣች፤ ስትነካ፣ ሥራዎ ለጥራት ሲባል ይመዘገባል የሚል ጽሑፍ ትከፍታለች። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ሬዲዮ ግን በማግስቱ ወሬውን ይዛ መጣች። ለዕድገት ነው፤ ማን ሥራ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያንቀላፋ ሊለዩ ነው፤ ከላይ ሰው ነግሮኛል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የካሳ ክፍል ሌላ ክፍል ሆነ። ወሬ ቀረ። ሻይ ቆሞ መጠጣት ቀረ። ምሩቁ የሚሉት፣ በቅርቡ ያገባው ልጅ፣ ሚስቱ ስትደውል ስልኩን እየዘጋ የሚሠራ ሆነ። ባለሁለት እያንዳንዱን የካሳ ጥያቄ ስትመረምር ለምን ይህን እንደተቀበለች፣ ለምን ያንን እንደጣለች፣ ምክንያቷን ከጎኑ መጻፍ ጀመረች፤ አለቃ ካየው ትጋቴን ይይልኝ ብላ። ያንን የጻፈችው ለማን እንደሆነ ዛሬ ገባት። ሬዲዮ ራሷ ዝም አለች፤ የዚያን ሰሞን ክፍሉን ያየ ሰው ቤተ መጻሕፍት የገባ ይመስለው ነበር።

ከክፍሉ አራት ሠራተኞች አንዱ ብቻ አልተለወጠም። አቶ ነገ ይሉታል፤ ሥራ ሲሰጡት ነገ ስለሚል። አረንጓዴዋ ነጥብ መጣች ሲሉት እስቲ ነገ አያታለሁ አለ። አላያትም። የእሱ ድርሻ የቆዩና የሚያከራክሩ የካሳ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ ጠያቂው ሞቶ ልጆቹ የሚመላለሱባቸው ናቸው። ማሽኑ ከአቶ ነገ ጎን ወራት ተቀምጦ የተማረው ነገር አልነበረም። ስለዚህ አቶ ነገ ከሚመሰገኑት ውስጥ የለም። ሥራው እስኪታወቅ ድረስ ወንበሩ ላይ ይቆያል ተባለ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።

ለምሳ ወደ ምድር ቤቱ ካፌ ወረዱ። ሻዩ በዚያው ሰሞን ዋጋ ጨምሯል፤ ብርጭቆውም አንሷል። እንደ ወትሮው ቢሆን ሬዲዮ ስለ ብርጭቆው ብቻ ግማሽ ሰዓት ታወራ ነበር። ዛሬ ከሒሳብ ክፍል ሴቶች ጋር፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ባለሁለት የያዘችውን ሳህን ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ምሩቁ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ደኅና ልጅ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ እትዬ፣ ሰዎቹ የሚሉት እኮ ቀድማ ታውቅ ነበር ነው አላት፤ ልጇ ሥራ አገኘ፣ እኛ ሥራ አጣን፣ በአንድ ቤት ሲመከር የቆየ ነገር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አላምንም። አላምንም ሲል ዓይኗን አላየም። ሳህኑን ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ። አነሣውና ደኅና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ።

ሬዲዮ የመጣችው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። አልተቀመጠችም። የወንበሩን ጀርባ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"ቤትሽ ውስጥ ሲሳል የት ነበርሽ?" አለቻት።

"እዚያው ነበርኩ። ሻይ ሳቀርብለት ነበር።"

"ለእኛ መሆኑን አልነገረሽም?"

"እሱም አላወቀ። እኔም አላወቅሁም።"

ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች። ባለሁለት ያን አነቃነቅ ታውቀዋለች፤ ራሷም ስትነቀንቀው ኖራለች። የካሳ ክፍል ሰው በቀን ስንት ጊዜ አላወቅሁም ሲባል ይሰማል። መኪናው ሲመጣ አላየሁም። እሳቱ እንዴት እንደተነሣ አላወቅሁም። በሩ ክፍት መሆኑን አላወቅሁም። የሚለው ሰው ለቅሶ እየተናነቀው ይላል፣ የምትሰማው ሠራተኛ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወረቀቱ ላይም አላውቅም ይላል ብላ ትጽፋለች። እውነት ይሁን ውሸት ቃሉ አንድ ነው።

"እሱስ ይሁን" አለች ሬዲዮ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መነጽርሽን የሚያሳይሽ ማን ነበር?"

"አንቺ።"

"ታዲያ ልጅሽ እኔን የት ጣለኝ?"

የመነጽሩን ወሬ ራት ላይ ያወራችው ባለሁለት ናት፤ በየጊዜው እያሳመረች፣ የሬዲዮን ሳቅ እያስመሰለች፣ ባሏና ልጇ እየሳቁ። ልጁ ወሬውን ወስዶ ሴትየዋን አውጥቶ ማሽኑን አስገባ። ዕድገት ነው ብለሽ ያተጋሽን አንቺ አይደለሽም ወይ የሚል ነገር ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ብትለው ትክክል ነበረች። ዋጠችው። ሬዲዮ የወንበሩን ጀርባ ለቀቀችና ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ከሁሉ በፊት የጠራው እሷን ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ክፍሉ አዲስ ምንጣፍ ይሸታል፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ምንም የለም። ካርቱኑን የሠራው ልጅዎ መሆኑን አሁን ገና ሰማሁ፣ እንዴት ደስ ይላል አላት፤ ሌሎቹም ቅርንጫፎች ፊልሙን ወደውታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ። ማሽኑ ውሳኔ ሲሰጥ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይና የሚፈርም አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሕጉ የሰው ስም ይፈልጋል። እርስዎ እንዲሆኑ ወስነናል አላት።

"ለምን እኔ?"

"አብዛኛውን የተማረው ከእርስዎ ነዋ። ምክንያቱን ከጎኑ የጻፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲሳሳት የት ላይ እንደተሳሳተ የሚገባዎት እርስዎ ነዎት።"

ከጎኗ የምትቀመጠው ሴት ብትሆንስ ብላ ጠየቀች፤ ከእኔ ትበልጣለች እንጂ አታንስም አለች። ሥራ አስኪያጁ ታግሦ ሰማት። እርስዎ ካልፈለጉ ከውጭ ሰው እናመጣለን አላት፤ ለዚህ ቦታ ከክፍሉ ሌላ ሰው አናስቀርም። ይህን ያለው ለማስፈራራት አልነበረም፤ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። ከሥራ መውጫ በፊት መልሷን ይፈልጋል።

ስለዚህ እምቢ ብትል ለሬዲዮ የሚተርፋት ነገር የለም። ይህ ነው ነገሩን ያከበደው። ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ቢሆን እምቢታ ጌጥ ነው፤ ማንም የማይጠቀምበት እምቢታ ግን ኩርፊያ ብቻ ነው፣ ኩርፊያ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ባሏ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና ሲጠፋ መንገድ ዳር ቁልፍ ቀራጭ ሆነ። ሰው ቁልፉ ካልጠፋው ባሏ ሥራ የለውም። ልጇ አንድ ፊልም ሠርቷል። እሺ ብትል ግን ሬዲዮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታየው፤ የልጁ እናት ቀረች፣ ሌሎቹ ወጡ። ያንን የሚያጥብ ውሃ የለም።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ አቶ ነገ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከሁሉም ይልቅ የተጨነቀው እሱ ነበር። ሰዎች የሚያዩኝ ዓይን ደስ አይልም አላት፤ እኔ ምን አደረግሁ?

"ምንም" አለችው።

"እሱን እኮ ነው የምልሽ" አለ አቶ ነገ። "ምንም አላደረግሁም። ሰው ምንም ባለማድረጉ ይቀመጣል እንዴ? ነውር ነው።" ከዚያ፣ ነገ ሄጄ ልልቀቅ ልበላቸው ይሆን ብሎ ጠየቃት። ነገ ካልክማ ይቅር አለችው፤ ሁለቱም ሊስቁ ሲሉ ሬዲዮን አዩና ተዉት።

የተቀረው ከሰዓት ጸጥ ያለ ነበር። ምሩቁ ተጠራ፤ ተመልሶ መጥቶ ተመሰገንኩ አለና ተቀመጠ። ሬዲዮ ተጠራች፤ ቶሎ ተመለሰች። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ጣሪያው በዛፍ የተመታበትን ቤት ፎቶ ይዞ ወደ ባለጉዳይ መስኮቱ መጣ። ባለሁለት ፎቶውን ለማየት የቅርብ መነጽሯን ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ የለም። ማህደሮቹን አነሣች፤ የለም። መሳቢያውን በጉልበቷ መታች፤ የለም። ቦርሳዋን ከፈተች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩን እያየ መሆኑን አወቀች። ምሩቁ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥቷል። አቶ ነገ ነቅቷል። ሬዲዮ አጠገቧ፣ እስክሪብቶዋን በጣቶቿ መካከል ይዛ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ወረቀቷ ነው። እስክሪብቶዋ አልተነሣም። ሽማግሌው ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ ሬዲዮን አየ፤ ከዚያ ጨዋ ሰው ነውና ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ባለሁለት አናቷን መዳሰስ ትችል ነበር፤ ግን እጇ እምቢ አለ። ቦርሳዋ ውስጥ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ቆየች። በመጨረሻ መነጽሩን ከአናቷ አውርዳ አደረገችና ፎቶውን አየች። ዛፉ ትልቅ ነበር። ካሳ ይገባል ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ምክንያቱን አልጻፈችም።

መውጫ ሰዓት ሲደርስ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሄደች። አልተቀመጠችም። እሺ አለች። እሱም እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። ስትመለስ ሬዲዮ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። ጠረጴዛ ሥር የምትቀይረውን ነጠላ ጫማ፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒዋን፣ ለወንበሩ ከቤቷ ያመጣችውን ትራስ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ባለሁለት የከረጢቱን አንድ ጎን ያዘችላት።

"ተይው፣ አይከብደኝም" አለች ሬዲዮ። ክፉ ድምፅ አልነበረም። በሩ ላይ ቆም ብላ ቀሪውን ሁሉ፣ ወንበሮቹንም ጭምር ዞራ አየች። "እሺ አልሻቸው አይደል?"

"አልኳቸው።"

"እኔም ብሆን እል ነበር" አለች ሬዲዮ። ከረጢቷን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረችና ወጣች። ይቅርታ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። ይቅርታ ሰውን ያቀርባል፤ ይህ ግን በሩን ቀስ አድርጎ እንደመዝጋት ነበር።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበርና ቆማ ሄደች። ቤት ስትደርስ ልጇ ሥጋ ገዝቶ ጠበቃት። ክፍያው ገብቶለታል። ሁለቱ ክፍሎች ተጠርገዋል፤ ልጁ ሲደሰት ቤት ይጠርጋል። ባሏ የቁልፍ ብረት ብናኝ ያለበትን እጁን ታጥቦ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ምን ሆነሻል ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። የጽሕፈት መኪና ቤቱን የዘጋ ዕለት እሱም እንዲህ ነበር የገባው፤ የዚያን ዕለት እሷም አልጠየቀችውም። በዚህ ቤት ሰው ሆዱን እስኪያወጣ ይጠበቃል እንጂ አይበረበርም።

ልጇ ግን ዛሬ የሚያቆመው አልነበረም። የማስታወቂያ ቤቱ ሰዎች ደውለው ነበር። ፊልሙ በጣም ተወዷል፤ ሌላ ሁለተኛ ፊልም አዘዋል፤ ታሪኩ ያው ይሁን፣ ሰዎቹ ግን ይቀየሩ፣ በየቦታው አንድ ዓይነት እንዳይሆን ብለዋል። ሁሉም በጣም የወደዱት ባለ መነጽሯን ነው አላት፤ አንቺን መሆኑን አልነገርኳቸውም ብሎ ሳቀ። ሥጋውን ለአባቱ ጨመረለት፤ ለእሷም ጨመረላት። አሁን አንድ ሌላ እንደዚያች ያለ ሰው ያስፈልገኛል አለ። ማሰብ ሳያስፈልገኝ ሬዲዮሽ መጣችልኝ። አይቻት አላውቅም፤ ግን ካንቺ አፍ የማውቃትን ያህል የጎረቤታችንን ሰው አላውቅም።

"ሳቋን ብቻ እንደገና ንገሪኝ" አላት። "ትከሻዋ ነው የሚጀምረው? ወይስ ወንበሩ?"

ባለሁለት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አላውቅም" አለች።

"እንዴት አታውቂም? ስንት ጊዜ አሳይተሽን!" ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። አባቱ አልሳቀም።

"ዛሬ ጠዋት ፊልምህን አየሁት" አለች። "አዳራሽ ሰብስበው አሳዩን።"

ልጁ መጀመሪያ ደስ ሊለው ነበር፤ ደስታው ፊቱ ላይ ሊወጣ ሲል ቆመ። ነገሩን ከጫፉ ጀምሮ ሲያስበው ታየዋለች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል።

"የእናንተ ድርጅት ነው እንዴ?"

"የእኛ ነው።"

"ሰዎቹ... እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም።"

"አውቃለሁ" አለችው። እኔም አላወቅሁም ልትል ነበር። ግን ያን ቃል ዛሬ አንድ ጊዜ ብላው ምን እንደሚመስል ሰምታለች። ለልጇ ልታደርግለት የምትችለው ነገር ቃሉን ተቀብላ ራሷን አለመነቅነቅ ነበር። አልነቀነቀችም። ከዚያ የቀረውን በአጭሩ ነገረችው፤ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቀር፣ እሷ እሺ ማለቷን። ስለ ሬዲዮ ወጣች ከማለት በቀር አልጨመረችም። ባሏ ውሃ ቀዳላት። ለባሏ ይህ ብዙ ነገር መናገር ነው።

ሥጋው ሳህኑ ላይ በረደ። ከዚያ ልጇ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ፣ ሁለተኛውን ልተወው አለ።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ይህን የምትመልሰው እሷ ናት። ተው ብትለው ይተዋል፤ ማስታወቂያ ቤቱ በማግስቱ ሌላ ሠዓሊ ያገኛል፤ ልጇ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ቀጥል ብትለው፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ አዳራሽ፣ የማታውቃቸው ሰዎች መብራት ጠፍቶ ይስቃሉ። ሁለቱንም መንገድ አየች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

"አትተወው። ሥራህ ነው፣ ሥራው። ግን እኔን ሳል። ጸጉር ቀይርልኝ፣ ልብስ ቀይርልኝ፣ አቅጥነኝ፣ ወንድ አድርገኝ፤ እኔን ሳል። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ወሬ ሌላ ሰው ወስደህ አትስልም።"

ልጇ ራሱን ነቀነቀ። ከራት በኋላ ሳህኖቹን አነሣ፤ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ባዶው ነጭ መስኮት ፊቱን አበራው። ባሏ የቁልፍ ብረቶቹን ለነገ እየለየ በየመጠናቸው ይደረድር ጀመር። ባለሁለት ወንበሯን ልጇ እንዲያያት አድርጋ ወደ መብራቱ አስጠጋችና ተቀመጠች። ልጁ አንድ ክብ ሣለ፤ ዓይን አደረገለት፤ አፉ ላይ ሲደርስ እጁን አቆመ።

"መጨረሻው ላይ ስትወጣ ትሳቅ ነው የሚሉት" አላት፣ ሳያያት።

"ትሳቅ" አለችው። "እኔን ከሆነች እችለዋለሁ።"